መረብ ውስጥ የሞተ ቆዳ ለባሽ ኤሊ፦ ውሃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ እንዴት ይሰጥማል?

ኮምቦልቻ_ልጅ፦

ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ወንድሜ ጋምቤላ መንገድ ሥራ ላይ ነው ያለው እና ባሮ ዳር የተቀረጸ ቪዲዮ በቴሌግራም ላከልኝ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ልጆች ማታ የጣሉትን መረብ ጠዋት ሲስቡ ከዓሣው ጋር አንድ ትልቅ ኤሊ ተጠላልፎ ሞቶ ወጣላቸው። ኤሊ ልበለው እንጂ እኔ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ያ የምናውቀው ድንጋይ ጀርባው ላይ የለም፣ ምጣድ አክሎ ጠፍጣፋ ነው፣ ላዩ ለስላሳ ቆዳ ነው፣ አንዱ ልጅ ጠርዙን በጣቱ ሲጫነው እጥፍ ይላል። አንገቱን ሲስቡት ደግሞ ወጥቶ ወጥቶ አያልቅም። አፍንጫው ሾጠጥ ብሎ ጫፉ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ እግሩ ላይ የሚታየው ጥፍር ሦስት ብቻ ነው፣ ወንድሜ አቅርቦ ነው የቀረጸው።

እኔን የገረመኝ መልኩ ብቻ አይደለም፣ አሟሟቱ ነው። ልጆቹ «ሰጥሞ ነው» ይላሉ። ውሃ ውስጥ ውሎ የሚያድር እንስሳ እንዴት ብሎ ነው የሚሰጥመው? ወንድሜ ደግሞ ጎግል ሳደርግ በቆዳው ይተነፍሳል የሚል አገኘሁ አለኝ፣ በቆዳው የሚተነፍስ ከሆነማ ጭራሽ መስጠም የለበትም። ሁለተኛ ጥያቄ፣ ጨፋ ረግረጉ ላይ እረኞች የሚያወጡት ኤሊ አለ አይደል፣ እሱ ከዚህ ጋር ዘመድ ነው? የአክስቴ ልጅ አንዱን በርሜል ውስጥ አስቀምጦ ጎመን እያበላው ነው፣ እሱም እንዳይሞትበት ፈራሁ። የምታውቁ አስረዱን።

አያ_ሙሄ፦

ወላሂ ይኼ ምን ጥያቄ አለው፣ ልጆቹ ድንጋዩን ገፈው ለቻይና ሸጠውታል፣ ቀሪውን ነው ለወንድምህ ያሳዩት። ሃሃሃ

መምህርት_ከደሴ፦

አያ ሙሄ ቀልዱን ወድጄዋለሁ ግን የኤሊ ድንጋይ አይገፈፍም። ያ ድንጋይ የምንለው ከአከርካሪውና ከጎድን አጥንቱ ጋር አንድ ላይ የገጠመ አጥንት ነው፣ እሱን ማውለቅ ማለት ጎድኑን ማውለቅ ማለት ነው። ሌሎች ኤሊዎች ከአጥንቱ በላይ እንደ ጥፍር ያለ ደረቅ ቅርፊት አላቸው፣ ይኼኛው እሱ ቀርቶበት በቆዳ ተሸፍኗል። መሃሉን በደንብ ብትጫነው ከሥር አጥንት ታገኛለህ፣ ጠርዙ ጋ ያሉት አጥንቶች ግን ጭራሽ ስለሌሉት ዳር ዳሩ ይተጣጠፋል። ልጁ ጣቱን ትንሽ ወደ ውስጥ ቢያስገባ የጎድኖቹን ጫፍ አንድ በአንድ ሊቆጥር ይችል ነበር።

ኮምቦልቻ ልጅ፣ ያየኸው በሳይንስ ስሙ ትሪዮኒክስ ትሪዩንጉዊስ የሚባለው የአፍሪካ ቆዳ ለባሽ ኤሊ ነው፣ የአባይ ቆዳ ለባሽም ይሉታል። ፎርስኮል የሚባል የስዊድን ተመራማሪ ግብፅ ላይ ያየውን መዝግቦ እሱ ከሞተ በኋላ በ1775 በፈረንጆቹ ታተመለት። ሦስቱ ጥፍር የዚህ ቤተሰብ ሁሉ ምልክት ነው፣ ጣቶቹማ አምስት ናቸው፣ ሁለቱ ጥፍር ሳያወጡ መቅዘፊያው ቆዳ ውስጥ ገብተው ቀርተዋል። የጀርባው ርዝመት ሜትር የሚጠጋ ይገኛል፣ ክብደቱም ከ40 ኪሎ ያልፋል።

አሁን ወደ ሞቱ እንምጣ፣ ጥያቄህ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ክፍል ውስጥ ብትጠይቀኝ አምስት ማርክ እጨምርልህ ነበር። ወንድምህ ያነበበው ልክ ነው፣ ልጆቹ ያሉትም ልክ ነው። ይኼ እንስሳ ሳንባ አለው፣ ዓሣ ጉንጩ ሥር ያለው ቀዩ መተንፈሻ የለውም፣ ዋናው መተንፈሻው ሳንባው ነው። ከሱ በተጨማሪ ግን ቆዳው ስስና በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በቆዳው ይስባል። ጉሮሮው ውስጥ ደግሞ እንደ ጭረት ቀጫጭን ሆነው የበቀሉ ሥጋዎች አሉ፣ ውሃ በአፉ እያስገባ እያስወጣ በነሱም ይስባል፣ ዝም ብሎ አሸዋ ውስጥ ሲተኛ ብታየው ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ ይላል። በ1961 በዚሁ በአባዩ ዝርያ ላይ የታተመ ጥናት አለ፣ ከውሃው ከሚያገኘው ኦክስጅን 70 በመቶ ገደማው በቆዳው፣ ቀሪው በጉሮሮው ነው የሚገባው ይላል።

ግን ይኼ ሁሉ የሚበቃው ዝም ላለ ኤሊ ነው። ተኝቶ፣ ልቡ ቀስ ብሎ እየመታ፣ ጡንቻው ሳይሠራ ከሆነ ከውሃው የሚያገኘው ለረጅም ሰዓት ያቆየዋል። መረብ ውስጥ የገባ ኤሊ ግን ዝም አይልም። ይታገላል፣ ይገፋል፣ አንገቱን ይወረውራል፣ በታገለ ቁጥር ደግሞ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ ቆዳው የሚያመጣለት ያው የበፊቱ ነው። ሌላው ደግሞ ሞቃት ውሃ ከቀዝቃዛ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው፣ የጋምቤላን ሙቀት ታውቀዋለህ። ስለዚህ አፍንጫውን ወደ ላይ ማውጣት ካልቻለ ያልቃል። ሰጥሞ ነው የሞተው፣ ልክ ናቸው ልጆቹ።

ኮምቦልቻ_ልጅ፦

መምህርት አላህ ይስጥዎት፣ አሁን ገባኝ። እኔ ቆዳው ሳንባውን የተካው ነበር የመሰለኝ፣ ለካ ተጠባባቂ ነው። እስቲ ከአፍንጫው ቅርጽ ጋር ግንኙነት አለው ወይ? ለምን ነው እንደዛ የረዘመው?

ባሮ_ማዶ፦

እኔ ትውልዴ ወልዲያ ነው ግን ጋምቤላ ብዙ ኖሬአለሁ፣ አፍንጫውን እኔ ላስረዳህ ምክንያቱም በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። በጋ ላይ ባሮ ሲጎድል ዳር ዳሩ አሸዋማ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይሆናል፣ ይኼ ኤሊ እዚያ ሄዶ ገላውን እያወዛወዘ አሸዋው ውስጥ ይቀበራል፣ ጠፍጣፋ ስለሆነ ምንም ጉብታ አይሠራም፣ አሸዋ ለብሶ ቁጭ። የሚመርጠው ጥልቀት አንገቱ የሚደርስበትን ነው። አየር ሲያምረው ገላውን ሳያነቃንቅ አንገቱን ብቻ ወደ ላይ ይሰዳል፣ ከውሃው በላይ የምታየው የአፍንጫውን ጫፍ ብቻ ነው፣ እሱም ካላስተዋልክ አረፋ ነው ብለህ ታልፈዋለህ። ስቦ ይመለሳል። ዓሣ ወይ እንቁራሪት በአጠገቡ ሲያልፍ ያ አንገት ከአሸዋው ተወርውሮ ይወጣል፣ ሲውጠው እንጂ ሲይዘው አታይም በጣም ፈጣን ነው።

ምግብ ላይ አይመርጥም፣ ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ ቀንድ አውጣ፣ የውሃ ነፍሳት፣ የሞተ ነገር፣ ውሃ ላይ የወደቀ ፍሬም ጭምር ይበላል። መረብ የሚገባውም ለዚህ ነው፣ መረቡ ላይ የተያዘውን ዓሣ ሊበላ መጥቶ ነው ራሱ የሚያዘው። አጥማጆቹ ስለዚህ አይወዱትም፣ ዓሣም ይበላባቸዋል መረብም ይቀድባቸዋል፣ እውነት ለመናገር እኔ አልፈርድባቸውም፣ መረብ ስንት እንደሆነ ስለማውቅ።

አንድ ነገር ግን ለወንድምህ ንገረው፣ በሕይወት ያለ ካገኘ እጁን እንዳያስጠጋ። ጥርስ የለውም ግን ከንፈሩ ሥር ያለው እንደ ጥፍር ጠንካራ የሆነ ጠርዝ ስለት ነው። ሌላ ኤሊ ስትይዘው አንገቱን ይሰበስባል አይደል፣ ይኼኛው ይናከሳል። ከጎን ብትይዘው አንገቱ ዞሮ እጅህ ጋ ይደርሳል። መያዝ ግድ ከሆነ ከኋላ እግሮቹ አጠገብ ያለውን ጠርዝ ነው፣ እሱንም ቶሎ አድርገህ። የብስ ላይም ኤሊ ነው ቀስ ይላል ብለህ እንዳትሸወድ፣ ይሮጣል።

አያ_ሙሄ፦

ኤሊና ጥንቸል ሲወዳደሩ ያሸነፈው ይኼኛው መሆን አለበት በለኛ። እሺ ዋናውን ጥያቄ ልጠይቅ፣ ይበላል? ሐላል ነው?

ባሮ_ማዶ፦

የሚበሉት አሉ፣ በብዙ አገር ይበላል። ሐላል ሐራሙን ኡስታዝህን ጠይቅ፣ በየመዝሀቡ ይለያያል፣ እኔን ወሬ ውስጥ አታስገባኝ።

የሐይቅ_ዳር፦

ማሻአላህ ጥሩ ውይይት ነው። እኔ የቻይናውን በተመለከተ አንድ ነገር አንብቤ ማመን አቅቶኝ ነበር፣ ቻይና ውስጥ በእርባታ የሚያረቡት ቆዳ ለባሽ ኤሊ በአፉ ነው የሚሸናው የሚል። መምህርት እውነት ነው ወይስ የፌስቡክ ነው?

መምህርት_ከደሴ፦

እውነት ነው፣ የሚያስቅ ቢመስልም የተመሰከረለት ጥናት ነው። በ2012 የሲንጋፖር ተመራማሪዎች ያወጡት ነው፣ የቻይናው ዝርያ ላይ። ሽንት ውስጥ የሚወጣው ዩሪያ የሚባለው ቆሻሻ አለ አይደል፣ እኛ በኩላሊት ነው የምናስወጣው። እነሱ ኤሊዎቹን ከውሃ አውጥተው ደረቅ ቦታ አስቀመጧቸው፣ አጠገባቸው ውሃ አኖሩላቸው፣ ኤሊዎቹ ጭንቅላታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ይቆያሉ፣ አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ። ውሃው ሲመረመር ዩሪያ ተገኘበት። በኩላሊት በኩል የወጣው ከጠቅላላው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ያ ቅድም የነገርኳችሁ ጉሮሮ ውስጥ ያለው ነገር ነው ይኼንንም የሚሠራው፣ ኦክስጅን እያስገባ ዩሪያ ያስወጣል።

ለምን ቢባል ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት እኔን አሳምኖኛል፣ ኤሊው ጨውነት ያለው ውሃ ውስጥም ይገባል፣ በኩላሊቱ ለማስወጣት ብዙ መጠጣት ሊኖርበት ነው፣ ጨዋማ ውሃ መጠጣት ደግሞ ይጎዳዋል፣ ስለዚህ ሳይጠጣ ተጉመጥሙጦ መትፋት ይቀለዋል። የኛው የአባዩ ዝርያም ጨው ይችላል፣ ቱርክና እስራኤል ዳርቻ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ላይ ይኖራል፣ ሜዲትራኒያን ውስጥ ሲዋኝም ይገኛል። በአፉ ይሸናል ያልኩት ግን የቻይናውን ነው፣ አደራ ነገ ደግሞ «መምህርት የባሮው ነው አለችን» እንዳትሉ።

አያ_ሙሄ፦

ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ስጉመጠመጥ የሚስቀኝ ነገር አገኛችሁልኝ።

የሐይቅ_ዳር፦

እሺ ሌላ። እኔ ሐይቅ ከተማ ነኝ፣ ልጅ ሆኜ ጀምሮ ሐይቁ ላይ ቆሮሶና አምባዛ ሲወጣ ነው የማየው እንጂ ይኼን የመሰለ አላየሁም። ባሮ ላይ ካለ ሐይቃችን ላይ ለምን የለም? በሽሎም እኮ አባይ ነው የሚገባው፣ አባይ ደግሞ የሱ አገር ነው ብላችኋል።

መምህርት_ከደሴ፦

አገራችን ላይ የሚታወቀው ባሮና ኦሞ ላይ ነው፣ ኦሞ የሚገባበት ቱርካና ሐይቅም ላይ አለ። ባሮ ወደ ሶባት ሄዶ ነጭ አባይ ይገባል፣ በዚያ በኩል ከታች ካለው ጋር የተያያዘ ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐይቅ ግን ከ1,900 ሜትር በላይ ነው፣ ከዚያ ላይ ሐይቃችን መውጫ የለውም፣ ውሃው ወደ የትም ወንዝ አይፈስም። ከቆላ ወንዝ የሚመጣ ነገር በእግሩ ተራራ ወጥቶ ካልሆነ አይደርስም። የበሽሎን ስታስብ ደግሞ ገደሉን አስብ፣ ድንጋይና ፏፏቴ፣ ክረምት ላይ የሚጠራርግ ጎርፍ። ይኼ እንስሳ የሚፈልገው የሚቀበርበት አሸዋ፣ እንቁላሉን የሚጥልበት ሞቃት ዳርቻና የሚያንቀላፋ ውሃ ነው።

እንቁላሉን ካነሳሁ አይቀር፣ ሴቷ ከውሃ ወጥታ አሸዋ ቆፍራ ነው የምትጥለው፣ ነጭ፣ ክብ፣ ልጣጩ ጠንካራ የሆነ፣ በአንዴ በብዙ አሥር የሚቆጠር። ደፍና ትሄዳለች፣ ወደ ኋላ አታይም። ከሁለት ወር አካባቢ በኋላ ይፈለፈላሉ። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ «አዞ ላይ ወንድ ሴት የሚሆነው በአሸዋው ሙቀት ነው» የምንለውን ለኤሊ ሁሉ ያደርጉታል። የባሕር ኤሊ ላይ ልክ ነው፣ ይኼ ቆዳ ለባሹ ቤተሰብ ላይ ግን የተመረመሩት ዝርያዎች ጾታቸው በክሮሞዞም ነው የሚወሰነው፣ ያውም ሴቷ ናት ሁለት የተለያየ ክሮሞዞም ያላት፣ ዶሮ ላይ እንደሚሆነው።

ባሮ_ማዶ፦

ግማሹን እንቁላል ደግሞ አርጃኖ ነው የሚጨርሰው፣ ቆፍሮ ያወጣዋል። የተረፈውን ውሻ። ሰውም ያወጣል።

ጨፋ_ሣር፦

ቆይ የልጁ ሁለተኛ ጥያቄ ተረሳ እኮ፣ የጨፋው ኤሊ። እኔ ከሚሴ ነኝ፣ ከብት ጠብቄ ነው ያደግሁት ስለዚህ በደንብ አውቀዋለሁ። አብሽር፣ የወንድምህ ኤሊ አይደለም። የኛው ጀርባው ድንጋይ ነው፣ ከሁለት እጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም፣ ስትይዘው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ውስጥ አይስበውም፣ ወደ ጎን አጥፎ ትከሻው ላይ ነው የሚያስተኛው፣ አንድ ዓይኑ እያየህ ይቀራል። አገጩ ሥር ሁለት ትናንሽ ጺም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ጥፍሩን ከቆጠርክ አምስት ነው። እና ይሸታል! እጅህ ላይ የለቀቀብህ እንደሆነ በሳሙናም አይለቅም፣ እረኞቹ የሚጥሉት ፈርተውት ሳይሆን ሽታውን ጠልተው ነው።

በጋ ላይ ኩሬው ሲደርቅ የት እንደሚገባ ታውቃለህ? ጭቃው ውስጥ። ቆፍሮ ይገባና ጭቃው በላዩ ላይ ይደርቃል፣ ዝናብ እስኪመጣ ሳይበላ ይቆያል። ክረምት ሲገባ ከየት መጣ ሳትል ኩሬው ውስጥ ታየዋለህ። እኛ ልጅ ሆነን ከሰማይ ከዝናብ ጋር ነው የሚወርደው ይሉን ነበር።

መምህርት_ከደሴ፦

በጣም ጥሩ ነው የገለጽከው። አንገቱን ወደ ጎን የሚያጥፈው ፔሎሜዱሳ የሚባለው ነው፣ በብዙ አፍሪካ ይገኛል፣ በፊት አንድ ዝርያ ተብሎ ነበር በ2014 በዘረመል ሲጠና ወደ ብዙ ዝርያ ተከፋፈለ። ቆዳ ለባሹ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ በመሳብ ከሚሰበስቡት ወገን ነው። ስለዚህ ሁለቱም ኤሊ ይባሉ እንጂ ዝምድናቸው በጣም የራቀ ነው፣ የባሮው ቆዳ ለባሽ ከጨፋው ኤሊ ይልቅ ለባሕር ኤሊ ይቀርባል።

የአክስትህ ልጅ ደግሞ ጎመኑን ያቁም፣ ሥጋ በል ነው ማለት ይቻላል፣ እንቁራሪት፣ ትል፣ ነፍሳት፣ የሞተ ዓሣ ነው ምግቡ። በርሜሉም ቀጥ ያለ ግድግዳ ስለሆነ መውጫ ማረፊያ የለውም፣ ሁልጊዜ እየዋኘ አይኖርም ይደክማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ያወጡት ቦታ ወስዶ መልቀቅ ነው፣ ኮምቦልቻ ወንዝ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ጨፋ።

ኮምቦልቻ_ልጅ፦

ደወልኩለት፣ ጎመኑን እንደማይነካው እሱም አይቷል፣ እሑድ ወስዶ ይለቀዋል ብሏል፣ ሽታውም አማርሯቸዋል መሰለኝ አክስቴ በጣም ነው ደስ ያላት።

ለወንድሜም ይኼን ሁሉ ልኬለት ለልጆቹ አነበበላቸው። እነሱም ኤሊው ቢሞትባቸው ደስ አላላቸውም፣ መረቡ ተቀዷል ለምግብም አልፈለጉትም። እና የጠየቁት ነገር፣ መረብ ውስጥ እንዳይሞት ማድረግ የሚቻል ነገር አለ? ሌላ ጊዜ ዝም ብሎ የተዘረጋ ቢያገኙስ ሞቷል ብለው ይጣሉት?

ባሮ_ማዶ፦

አለ። አንደኛ መረቡን ከአሸዋማው ጥልቀት ከሌለው ዳር ራቅ አድርገው ይጣሉት፣ እሱ የሚውለው እዚያ ነው። ሁለተኛ ማታ ጥለው ጠዋት ድረስ መተው ነው ችግሩ፣ ሌሊት መሃል ላይ አንዴ ቢያዩት ዓሣውም ሳይበላባቸው ያወጡታል፣ ለነሱም ይጠቅማል። ሦስተኛ የላይኛው ገመድ ላይ ተንሳፋፊ በደንብ ካሰሩበትና ውሃው ፊት ላይ ከቆየ፣ የተያዘው ኤሊ መረቡን እየገፋም ቢሆን አፍንጫውን ማውጣት ይችላል። ድንጋይ ታስሮበት ወደ ታች የሰመጠ መረብ ነው የሚገድለው።

መምህርት_ከደሴ፦

የተዘረጋውን በተመለከተ፣ ወዲያው ሞቷል አይበሉ። ኤሊ አየር ሲያጥረው ልቡ በጣም ዝግ ብሎ የሞተ መስሎ ሊቆይ ይችላል። ውሃ ውስጥ መልሰው አይጣሉት፣ ያኔ ነው በእርግጥ የሚሰጥመው። ጥላ ሥር፣ በሆዱ አስተኝተው፣ የኋላ ገላውን በትንሽ ነገር ከፍ ያድርጉለት፣ የዋጠው ውሃ በአፉ እንዲወጣ። ቆዳው እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ ጣል ያድርጉበት፣ አፍንጫው ላይ ግን አይደርስም። ቶሎ ካልተነሳ ተስፋ አይቁረጡ፣ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ዓይኑን በቀስታ ሲነኩት ከጨፈነ አለ ማለት ነው። እና ያኔ ባሮ ማዶ ያለውን ያስታውሱ፣ የነቃ ቀን መጀመሪያ የሚያደርገው መንከስ ነው።

አሳዳጆቹ ብዙ ስለሆኑ ነው ይኼን ያህል የምለው። ዝርያው በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ መጀመሪያ የተገለጸበት ግብፅ ላይ እንኳን ዛሬ አባይ ውስጥ ማግኘት ብርቅ ነው። የሩቅ ዘመዱ የያንግትዜው ትልቁ ቆዳ ለባሽ ደግሞ በ2019 ቻይና ውስጥ በእጅ የነበረችው የመጨረሻዋ ሴት ሞተችባቸው።

ኮምቦልቻ_ልጅ፦

እሺ መምህርት፣ ተንሳፋፊውን ወንድሜ ከባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሊሠራላቸው ነው፣ ካምፓቸው ውስጥ ሞልቷል።

አያ_ሙሄ፦

ወንድምህ ሲነከስ ቪዲዮውን ላክልን።